ዕጣ ያልወደቀበት ቦታ

በአንድ ወቅት ነው፤ የትኛው ወቅት እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ ዝም ብለሽ ጻፊ። ሸንበቆ ዳር የምትባል፣ ወንዝ አጠገብ የተቀመጠች መንደር ነበረች። ወንዙ ሌባ ነው። በየክረምቱ ከዳር ከዳር ይቆርሳል። አንድ ዓመት የበረት አጥር ወሰደ፣ በዓመቱ በረቱን ወሰደ፣ በሦስተኛው ዓመት የአንድ ሰው ማድቤት ከነጉልቻው ይዞ ሄደ። ያን ጊዜ ሰዉ "በቃ፣ እንነሳ" ተባባለ።

የት እንደሚሰፍሩ ችግር አልነበረም። ከወንዙ ራቅ ብሎ፣ ከተራራው ግርጌ፣ ወይራ ግንባር የሚባል ቦታ አለ። ምንጭ አለው፤ ከምንጩ በላይ ደግሞ የወይራና የዝግባ ደን። ጭቅጭቁ የመጣው እንዴት እንስፈር የሚለው ላይ ነው። ከቢሮ የመጡ ሰዎች ትልቅ ወረቀት ዘረጉና "መንደራችሁ ይሄ ነው" አሏቸው። ሲያዩት ቤቱ ሁሉ በአስፋልቱ ዳር አንድ ባንድ ተሰልፏል፣ ልክ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው። ትምህርት ቤቱ በአንዱ ጫፍ፣ ወፍጮው በሌላው ጫፍ፣ ምንጩ ከሁሉም ርቆ። "የተሻለ ካላችሁ እስከ ጥር አምጡ፤ ያለዚያ ይሄው ነው" ብለው ሄዱ።

የዕድሩ ዳኛ አቶ ግዛቸው የሚባሉ ሰው ናቸው። ሰው "እንደምን አደሩ" ሲላቸው "ምን ፈልጎ ነው?" የሚሉ ዓይነት። ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው ጀርባውን ሁሉ አዩት፤ "ይሄን የነደፈ ሰው አስፋልቱ ዳር ምን አለው?" አሉ።  አይ፣ ሳቂ እንጂ፣ ግን ጻፊው፤ ኋላ ይፈለጋል።

በመንደሩ የአቶ ሞላ ልጆች የሚባሉ ሦስት ወንድምና እህት ነበሩ። አባታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ሦስቱም ትዳር ይዘዋል፣ ወልደዋል። ያም ሆኖ በዕድሩ መዝገብ ላይ ሦስቱም አንድ ቤት ናቸው፤ "የሞላ ቤት" ተብለው። ደንቡ እንዲያ ነበር፤ የአባት ርስት ተካፍሎ እስኪያልቅ ልጆቹ በአባት ስም ይቆጠራሉ። እነሱ ደግሞ ርስታቸውን ወንዝ እየበላው ምኑን ይካፈሉት?

ትልቁ ደጀኔ ነው። ከተማ ውስጥ ለዚያው ቢሮ ቀያሾች ሜትር ሲይዝ አሥራ ሁለት ዓመት የኖረ። እጁ ሜትሩ ላይ፣ ዓይኑ ግን ወረቀታቸው ላይ ስለነበር፣ ማንም ሳያስተምረው ፕላን መንደፍ ለመደ። ቁጭ ብሎ የራሱን ነደፈ። መሃል ላይ ዝቅ ያለ ሰፊ መስክ፣ ዙሪያውን ቤት። ቤቱ ሁሉ ከፊት ሥራ፣ ከኋላ መኖሪያ፤ ልብስ ሰፊው ከፊት ይሰፋል ከኋላ ይተኛል፣ ወፍጮው ከፊት ይፈጫል፣ ባለ ሱቋም እንደዚያው። መኪና ዳር ላይ ይቆማል እንጂ አይገባም። ውስጥ ያለው እግርና አህያ ብቻ።

"ሰው ለጨውና ለክር ብሎ ከተማ የሚወርድበት ምክንያት አይኑር" አለ ደጀኔ። "ቤቶቹም ይቀራረቡ።"

"ምን ያህል ይቀራረቡ?" አሉ ሴቶቹ።

"ከምንጩ ከሦስት መቶ ሜትር ያልበለጠ።"

ሴቶቹ ሳቁበት። "ሜትር ውሃ አዝሎ ያውቃል?" አለችው አንዷ።

ሁለተኛዋ ትርንጎ ናት። ሴቶቹ ሲስቁ እሷ አልሳቀችም። በነሱ አገር መንገድ የሚለካው በዕረፍት ነው። ሃያ ሊትሩን ጀሪካን ሞልተሽ አዝለሽ ትሄጃለሽ፤ ወገብሽ "አውርጂኝ" ያለሽ ቦታ ድንጋይ አለ፣ እዚያ አሳርፈሽ ትተነፍሻለሽ። ያ አንድ ዕረፍት ነው። ትርንጎ ቢጫ ጀሪካኗን ሞልታ ከምንጩ ተነሳች። ወገቧ እምቢ ያለበት ቦታ ድንጋይ ተከለች፣ ተመለሰች፣ በሌላ አቅጣጫ ሄደች፣ ድንጋይ ተከለች። ዘጠኝ ቀን እንዲህ ስትል ከረመች። በመጨረሻ ድንጋዮቹ ምንጩን ዞረው ገጠሙ።

"ከዚህ ውጭ ቤት አይሠራም" አለች። "ወፍጮውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ቤተክርስቲያኑም ከማንም ቤት ከአንድ ዕረፍት አይርቅም።"

"ጠበበ!" አሉ ወንዶቹ። "ለጓሮ የሚሆን መሬት የለውም! ጎመን የት እንተክላለን?"

"መስኩ ዳር ትተክላላችሁ፣ አብራችሁ።"

"አብሮ የተተከለ ጎመን ማን ይበላዋል?" አሉ አቶ ግዛቸው።

ደጀኔ ግን የእህቱን ድንጋይ ተቀብሎ አሥራ ሁለት ቤት ከዳር ወደ ውስጥ አስገባ። ከዚያ መዝገቡን አስመጥቶ ቤት ቆጠረ፤ አርባ አንድ። አርባ አንድ ቦታ ሸነሸነ፤ ቦታዎቹም ከድንጋዮቹ ጋር ልክ ሆኑ፣ አንድ ክንድ አልተረፈም። ወረቀቱን ይዞ ቢሮ ገባ። አለቃው አየውና "አንተ ሜትር ያዥ ነህ። ወይ ይሄን ወረቀት ይዘህ ውጣ፣ ወይ ሥራህን ተው" አለው። ደጀኔ የሥራ መታወቂያውን ከኪሱ አወጣ፣ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠው፣ ሁለቱንም ትቶ ወጣ። ምን እንደነካቸው አላውቅም፣ በወሩ ማህተም መቱበት። ማህተም ከተመታ ወዲያ ግን አንዲት ጎጆ እንኳ መጨመር አይቻልም፤ ይሄንንም በቀይ ጻፉበት።

ዕጣው የወጣው እንደ ቅርጫ ነው። ሥጋ ስንካፈል እንደምናደርገው፤ እያንዳንዱ ቤት የየራሱን ምልክት ይሰጣል፣ አንዱ ጭራሮ፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ የባቄላ ፍሬ፤ የትኛውን ምልክት ማን እንደሰጠ የማያውቅ መንገደኛ በየመደቡ ላይ ይጥልላቸዋል። በቅርጫ ደግሞ ቢላዋ የያዘው ሰው ምልክት አይሰጥም። እሱ የተረፈውን ነው የሚወስደው፤ አስተካክሎ እንዲቆርጥ። ስለዚህ አርባው ቤት ምልክቱን ሰጠ፣ የሞላ ቤት ግን አልሰጠም። አንድ የበርበሬ ነጋዴ በመንገድ ሲያልፍ ጠሩትና ጣለላቸው።

የተረፈው ቦታ የቱ ይመስልሻል? መሃሉ! ፊቱ መስክ፣ ጀርባው ምንጭ፣ ወፍጮው ሃያ እርምጃ። ከአርባ አንድ ቦታ የሁሉም ዓይን ያረፈበት እሱ ነበር።

አቶ ግዛቸው ነጋዴውን እጁን ያዙት። "ከደጀኔ ጋር የት ነው የምትተዋወቁት?"

"ማነው ደጀኔ?" አለ ነጋዴው።

"እንዲህ የሚል ሰው ነው የሚያውቀው" አሉ አቶ ግዛቸው።

ሦስቱ ወንድምና እህት ሄደው ቦታው ላይ ቆሙ። ያኔ ነው ነገሩ የገባቸው። አርባውን ቤት አንድ ባንድ ሲያሟሉ፣ ራሳቸውን እንደ መዝገቡ አንድ ብለው ቆጥረዋል። ሦስት ትዳር፣ ዘጠኝ ልጅ፣ አንድ ቦታ። አብረው ይግቡ እንዳትዪኝ፤ ቦታው ከፊት አንድ ሱቅ ከኋላ ሁለት ክፍል ነው። ከድንጋዩ ውጭ እንዳይሠሩ ቀዩ ጽሑፍ አለ። የቀረው አስፋልቱ ዳር ያለው ገላጣ መሬት ብቻ ነው፤ እዚያ ሸራ መወጠር ይቻላል፣ ቤት መሥራት ግን አይቻልም። ስለዚህ አንዱ መሃል ይገባል፣ ሁለቱ መንደሩን ለቀው ከተማ ይወርዳሉ።

"እኛ ለእኛ ብንካፈል እስከ ልጅ ልጅ እንጣላለን" አሉ። "መንደሩ ይፍረድ።" መንደሩም "ቤታችንን ሠርተን እንጨርስና እንፈርዳለን" አላቸው። ሦስቱ አስፋልቱ ዳር ሸራ ወጠሩ።

አሁን ሦስተኛውን ጻፊ፤ አጥናፉን። ንብ አርቢ ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ዝምተኛ ሰው ደግሞ ይበልጥ ያስጠረጥራል። ቤት ሥራ ሲጀመር ሰዉ ምሰሶ ፈለገ። ቀና ሲል ደኑ አለ። "ትንሽ ትንሽ እንቁረጥ፣ ከዳር ከዳር" ተባባሉ። ከዳር ከዳር! ወንዙም እንዲያ ነበር የሚለው። መጥረቢያቸውን በአቶ ግዛቸው በቅሎ ጭነው ሲወጡ፣ አጥናፉ ቀድሟቸው ቀፎዎቹን ሁሉ አምጥቶ በደኑ ዳር ባሉት ዛፎች ላይ ሰቅሏል። የመጀመሪያው መጥረቢያ እንዳረፈ ንቡ ወጣ። አንዱ ፊቱ አብጦ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ "የማን እንግዳ ነህ?" አለችው አሉ። በቅሎይቱ ግን ምስኪን ደንብራ ገደል ገባች፣ ሞተች። ሰዉ ምሰሶውን ከባሕር ዛፍ አመጣ፣ ሩቅ ሄዶ፣ እየተራገመ።

ከዚያ ወዲያ ሐሜት ነው። ቤቱ እያደገ ሲሄድ ሐሜቱም አብሮ አደገ። ደጀኔ መኪና መቆሚያውን ያደረገበት የአስፋልቱ ጥግ ላይ የሚስቱ ወንድም ሸራ ወጥሮ ጎሚስታ ከፈተ። "አሃ!" አሉ። አጥናፉ ማር አወረደ፣ እንደዚያ ዓይነት ማር በአገሩ ታይቶ አያውቅም። "አሃ!" አሉ። ትርንጎ ላይ ግን የሚባል ጠፍቶ፣ "ምንም ያልተገኘባትማ እሷን ነው መፍራት" አሉ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ የገበያ ዕለት፣ ቀን ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ተራራው ላይ ሰማይ ተቀደደ። ከደኑ በላይ ያለው የተራቆተው ጎን ተንዶ ወረደ፤ ድንጋይ፣ ጭቃ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ቁጥቋጦ። እየመጣ እያለ ሰዉ ሁሉ ወደ ቤተክርስቲያኑ ጉብታ ሮጠ። እማማ ዘውዴ የሚባሉ ሰማንያ የዘለሉ ሴት ናቸው፣ ማንም ሳይደግፋቸው በዱላቸው ደረሱ። ሲደርሱ "አንድ ዕረፍት ናት፣ አንድ" ይላሉ እያለከለኩ። ድንጋዩ ደኑ ጋ ሲደርስ ዛፎቹ ያዙት፤ ዛፍ እየተንቋቋ ይይዛል፣ አይለቅም። በዛፎቹ መካከል ያመለጠው ውሃ ወርዶ ዝቅ ያለው መስክ ላይ ተኛ፤ ሦስት ቀን ሐይቅ ሆኖ ከረመ እንጂ አንድም ቤት አልገባም። ደኑ በሌለበት ጎን የሄደው ጎርፍ ግን አስፋልቱን ይዞ ነጎደ። የእነ ደጀኔን ሦስት ሸራ ወሰደ፣ ጎሚስታውንም ከነጎማው ወሰደ። የቢሮው ፕላን ቤቶቹን የሰለፈው እዚያ ነበር። የሞተ ሰው የለም፤ ሁሉም ገበያ ላይና መንደሩ ውስጥ ነበሩ።

እንግዲህ ልብ በዪ። ደጀኔ መስኩን ባይተው ውሃው ቤት ውስጥ ይተኛ ነበር። ትርንጎ ባታቀራርብ እማማ ዘውዴ መንገድ ላይ ይቀሩ ነበር። አጥናፉ ደኑን ባያድን መስኩም ዕረፍቱም ከድንጋይ በታች ነበር።

ውሃው ሲሸሽ ሰዉ መስኩ ዳር በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ተቀምጦ ሊፈርድ ተሰበሰበ። ሸራቸውን ጎርፍ ስለወሰደው ሦስቱ ከነልጆቻቸው ሰው ቤት ነበር የሚያድሩት። ከዚህ በላይ መቆየት አይቻልም። አቶ ግዛቸው ተነሱ።

"ደጀኔ፣ መኪና መቆሚያውን እዚያ ጥግ ያደረገው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ጎሚስታውስ የማን ነበር?"

"የሚስቴ ወንድም።"

"ታዲያ?"

"አቶ ግዛቸው፣ መኪና የትም ባቆመው የሆነ ሰው ዘመድ አጠገብ ነው። ደግሞም ጎርፍ ወስዶታል።"

"ጎርፍ ስለወሰደው ነው ንጹሕ የሆንከው፤ ባይወስደውስ?"

 አቶ ግዛቸው ወደ እህቱ ዞሩ።

"ትርንጎ፣ እስቲ ተነሽና እዚያ ግንድ ጋ ደርሰሽ ተመለሽ።"

 ትርንጎ ተነሳች። ስትራመድ ግራ እግሯን ትጎትታለች። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ጀሪካን ሲያዝሉ እሷ ሁልጊዜ ከኋላ የምትቀረው ለካ ለዚህ ነው።

"መቼ ነው የጀመረሽ?"

"ጉልበቴ ነው። ካቻምና።"

"ድንጋይ ስትተክዪ ጉልበትሽ ታሞ ነበር ማለት ነው። በጤነኛ እግር ቢለካ ኖሮ ዕረፍቷ ትረዝም ነበር። መንደሩ ይሰፋ ነበር። ለእያንዳንዳችን ጓሮ፣ ለሦስታችሁም ቦታ!"

"ይኖር ነበር" አለች ትርንጎ።

"ለምን ደበቅሽ?"

"ብነግራችሁ ጤነኛ ሴት ትልኩ ነበር። ጤነኛ እግርማ በምን ይቸገራል? እኔ የለካሁት ለዛሬ እግራችሁ አይደለም፣ ለመጨረሻው እግራችሁ ነው።"

"ወይስ ለራስሽ ጉልበት?"

"ለእሱም" አለች፣ ተቀመጠች።

ደጀኔ እህቱን አያት። ሥራውን የተወው ለዚያ ፕላን ነው፤ አሁን ያለ ቤት ሊቀር የሚችለው በእሷ ጉልበት ምክንያት ነው። ምን እንዳሰበ እንጃ፤ ፊቱን ግን ወደ መስኩ አዞረ።

"አጥናፉ፣ ደኑ ባይኖር ንብህ የት ይገባ ነበር?"

"የትም።"

"ስለዚህ ደኑን ያዳንከው ለማርህ ነው።"

"አዎ፣ ለማሬ ነው።" እንዲህ በአደባባይ ሲያምን ሰዉ ደነገጠ። "እናንተ ለልጆቻችሁ ስትሉ ታድኑት ነበር? መጥረቢያ ይዛችሁ አይደል የመጣችሁት?"

"በቅሎዬስ?" አሉ አቶ ግዛቸው፣ ድምፃቸው ተሰብሮ።

"እሷም መጥረቢያ ጭና ነበር።"

ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ "ነውር ነው" አለ። አቶ ግዛቸው እጃቸውን ዘረጉና "እንግዲህ አያችሁ። አንዱ ለዘመዱ፣ አንዷ ለጉልበቷ፣ አንዱ ለማሩ። ለመንደር ብሎ የሠራ ማነው? እንዲህ በችኮላ አይፈረድም። ቦታው ለጊዜው ባዶውን ይቆይ" አሉ።

እማማ ዘውዴ በዱላቸው ግንዱን መቱት። "ግዛቸው!"

"አቤት፣ እማማ።"

"አንተ ሰው ሁሉ ምን ይጠቀማል ትላለህ። ያ ቦታ ባዶ በቆየ ቁጥር ሳር ያበቅላል። ከፋሲካ ጀምሮ ያንን ሳር የሚግጠው የማን በቅሎ ነው?"

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየ። አዲሷ የአቶ ግዛቸው በቅሎ መሃሉ ቦታ ላይ፣ አንገቷ ላይ ገመድ፣ አፏ ሙሉ ሳር፣ ቆማ ታያቸዋለች።

"እኔ... ከዚያ ሌላ ማሰሪያ ስለሌለ እኮ ነው" አሉ አቶ ግዛቸው። ሳቁ እስከ ደኑ ተሰማ አሉ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ነገሩ አላለቀም። በቅሎይቱን ፈቷት፣ ቦታው ባዶውን ቀረ፣ ሦስቱም ፊት ለፊቱ ቆሙ።

ያንኑ የበርበሬ ነጋዴ በመንገድ ሲያልፍ አዩትና "እባክህ ለሦስቱ ዕጣ ጣልላቸው" አሉት። "ባለፈው ስጥል ሌባ አላችሁኝ። አሁን ደግሞ ሁለት ቤተሰብ አባራሪ ልታደርጉኝ ነው? ራሳችሁ ፍረዱ" ብሎ አህያውን ነዳ።

እማማ ዘውዴ ሦስት ምልክት በእጃቸው ያዙ፤ ከደጀኔ የእርሳስ ቁራጭ፣ ከትርንጎ ጠጠር፣ ከአጥናፉ ሰም። "እኔ ልጥል አልችልም፤ ለሦስቱም ባለ ዕዳ ነኝ። የሚፈርድ ይምጣ" አሉ። እጃቸው ተዘርግቶ ነው ያለው።

ምን ታዪኛለሽ? እኔ የማን ወገን እንደሆንኩ ልታወጣጪኝ ነው? አልነግርሽም። ይሄን የሚያነቡትንም፣ የሚሰሙትንም እጠይቃቸዋለሁ። ሥራውን ትቶ፣ ግን ለዘመዱ ጥግ ያበጀው ደጀኔ? ሁሉንም አቀራርባ፣ ግን ደብቃ፣ የወንድሞቿንም ቦታ ያጠበበችው ትርንጎ? ደኑን አድኖ፣ ግን ለማሬ ነው ያለው፣ ሰው ያስነደፈው አጥናፉ? አንዱ ይገባል፣ ሁለቱ ጓዛቸውን ተሸክመው አስፋልቱን ይዘው ይወርዳሉ።

ስትመልሺልኝ ግን ከመረጥሽው ሰው ምን እንደምታገኚ አብረሽ ንገሪኝ፤ ማር ይሁን፣ ቅርብ ውሃ ይሁን፣ ፕላን ነዳፊ ጎረቤት ይሁን። እሱን ካልነገርሽኝ መልስሽን አልጽፍም፣ አንቺም አትጽፊውም። በይ፣ መሃሉ ቦታ ለማን ይገባል?